በመርዶው ዋዜማ የተማርኋቸው ቃላት

እህቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔም ከቄስ ትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ጥቂት ነው፤ ፊደል እየለቀምሁ ነው የማነብ። ልጇ አረብ አገር ሄዳ ተች ስልክ ከላከችላት ወዲህ ግን እህቴ እኔ የማላውቀውን ንግግር ለመደች። አርብ ገበያ ስንወርድ "ልጅሽ እንዴት ናት?" ስላት፣

"ኦንላይን ናት። የላክሁላትን ድምፅ ሲን አድርጋዋለች" ትለኛለች።

"ደህና ናት አይባልም?"

"ያው ነው፣ አያ።"

አልወደድሁትም። ወጣቶቹማ የስልኩን ቃል እንደ ወይፈን ቀንበር አስለምደውታል፤ ፖሰተ፣ ትፖስታለች፣ አስፖሰቱን እያሉ ያርሱበታል።

አንድ ቀን ማለዳ ከልጅቱ ጋር የምትሠራ ሴት ለምራቴ ደወለች። ልጅቱ ሞታለች።

በእኛ አገር እናት የልጇን ሞት ብቻዋን አትሰማም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ደጇ ሄዶ ያረዳታል። ዘመዶቻችን ከወገዳ እስኪደርሱ አንድ ቀን ነበረን። ያን ቀን ወሬው ጆሮዋ እንዳይገባ መጠበቅ የእኔ ፈንታ ሆነ። የመንደሩን ወጣቶች ጠርቼ "ለማንም እንዳትናገሩ!" አልኋቸው።

ምራቴ ጋቢዬን ጎተተችኝ። "አባባ፣ እንዳትፖስቱም ይበሏቸው እንጂ።"

"ይህ ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም!"

እልኸኛ ነኝ። አላወጣሁትም።

እኩለ ቀን ላይ እህቴ ስልኳን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ ቤቴ መጣች። የልጅቱ ፎቶ ነው። ከጎኑ የበራ ሻማ አለ፤ ለልደቷ ያበሩላት መስሏታል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ።

"አየህ አያ፣ ልጄን ፖስተዋታል! ስንቱ ሰው ላይክ አድርጓታል! ምን ይላል? አንብብልኝ።"

ለቀምሁት። ነ፣ ፍ፣ ስ። ቀጥሎ ይ፣ ማ፣ ር።

"የስልክ ቃል ነው፤ አላውቀውም" አልኋት።

"አንተ ደንቆሮ!" ብላ ሳቀችብኝ። "በል ተወው፣ ጎረቤት ሄጄ አስነብባለሁ።"

ክንዷን ያዝኋት። "ተቀመጪ፣ እታለም። አስተምሪኝ።"

"ምኑን?"

"ይህንኑ ላይክ የምትይውን።"

"ዛሬ ምን ነካህ?" አለች፤ ግን ደስ ብሏት ተቀመጠች። እስኪመሽ አስተማረችኝ። ላይክ አደረገ ወደደ ነው። ብሎክ አደረገ ፊት ነሳ ነው። ሲን አደረገ አየ፣ ሰማ ነው። ኦንላይን ናት ማለት አለች ማለት ነው። እየደጋገመች አስባለችኝ፤ ስሳሳት ጉልበቴን እየመታች ሳቀች። መሃል ላይ ለልጅቱ ድምፅ ላከች። "አያ ዛሬ ተማሪ ሆኖልሻል! ኦንላይን ስትገቢ ስሚው" አለችና ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው። "በል፣ ሰላም በላት።"

አልኋት።

እኔው ቤት አሳደርኋት። ጎሕ ሲቀድ ዘመዶቻችን ቄሱን አስቀድመው ገቡ። ገና ሳይናገሩ ገባት። እሷ ግን ያየችው እኔን ነበር።

"ታውቅ ነበር፣ አያ?"



አሁን ሌላው ሰው ፖሰተ፣ ላይክ አደረገ ሲል እሷ ቃሉን አታነሳም። ስልኩን ግን ቻርጅ ሳታደርገው አታድርም። አንዳንድ ቀን ይዛው ትመጣና፣ ያን የላክነውን ድምፅ በጣቷ እያሳየች "እስኪ እይልኝ" ትለኛለች።

አይላታለሁ።

"ገና ሲን አላደረገችውም፣ እታለም" እላታለሁ።