ከብረቱ ድምፅ በታች

ባለቤቴ ድምፅዋ እንዳላረጀ በየደረሰችበት ታወራ ነበር። ሁለታችንም ከመምህርነት ጡረታ በወጣን ማግስት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ በክራር እሷ በዘፈን መሥራት ጀመርን። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነን። ጎረቤት ሲያመሰግናት፣ በሃያ ዓመቷ ታወጣው የነበረውን ዛሬም እንደምታወጣው ትናገራለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጉልበቴን አሻለሁ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንዳታውቅብኝ መጠንቀቁ ደግሞ ከጉልበቴ ሕመም ይበልጥ አድክሞኛል።

ክራር የምቃኘው በጆሮዬ ነው፤ መነሻዬ ግን አንድ ብረት ነው። ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ የገዛሁት፣ ሁለት ጣት ያለው ሹካ የመሰለ ነገር። ጉልበት ላይ መታ አድርገው እጀታውን የክራሩ ገበቴ ላይ ሲያስደግፉት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ሁልጊዜም ያንኑ። አንዱን ክር ከእሱ ጋር አገጥማለሁ፤ የቀሩትን አምስቱን ከዚያ ተነስቼ እፈልጋቸዋለሁ። ክሩ ወደ ብረቱ ሲቀርብ ሁለቱ ድምፆች አብረው ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጡ እየዘገየ ሄዶ ጸጥ ሲል ገጠሙ ማለት ነው።

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ መዝጊያ ላይ በምትዘፍነው ትዝታ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። የላንቴ ሙዝ ነጋዴዎች ሰርግ ስለነበር በጭፈራው መሀል ማንም ልብ አላለም። እሷ ግን ወደ ቤታችን ወደ ሲቀላ በባጃጅ ስንወርድ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተጓዘች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስቃኝ፣ መንቀጥቀጡ ጸጥ ሳይል፣ ክሩ ከብረቱ ትንሽ ዝቅ እንዳለ እጄን አነሳሁ። ደረሰችበት። ፊቷ ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በዓመቱ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት፤ በዓመቱ ደግሞ ትንሽ። አንዳንዴ ምነው ክራሩ ወፈረ ስትለኝ፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ክሩን አላልቶት ነው እላታለሁ። ይህ ሙቀት ያልተሸከመልን ጥፋት የለም።

ዘንድሮ የሆቴሉ ባለቤት ኪቦርድ የምትጫወት ልጅ ጨመረልን። ከዩኒቨርሲቲው ተመርቃ ሥራ የምትፈላልግ ጨዋ ልጅ ናት። ለልምምድ እቤታችን መጣች። ኪቦርድ እንደ ክራር ለሰው እሺ አይልም። አንዷን ቁልፍ ተጫነች፤ እኔም ክሬን ነካሁ፤ ጆሮ የሚበላ ነገር ወጣ። ደገመችው።

"ጋሼ፣ ክራሩ በጣም ወርዷል መሰለኝ" አለች በትሕትና።

ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ብረቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ መታችና ገበቴው ላይ አስደገፈችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስቃኝ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ክሩን ራሷ ነካ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ልጅቷን ለዛሬ ይብቃን ብላ ሸኘቻት።

ተመልሳ ስትገባ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለአንቺ ብዬ ነው ልላት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ ግን ለራሴም አስጠላኝ። አፈርኩ።

"ለሰው ሁሉ ድምፄ ደህና ነው ስል አጠገቤ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር" አለችኝ።

ከብረቱ ጋር አስተካክዬ እንድቃኝላት አዘዘችኝ፤ ቃኘሁ። መዝጊያውን ዘፈነች። ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግማ ሞከረች፤ ሦስተኛውን ሳትሞክር ተቀመጠች። ቅዳሜ ምን ልንሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

"በል አውርደው" አለች በመጨረሻ። "አሁን ግን የሚቆምበትን የምነግርህ እኔ ነኝ።"

ክሩን ቀስ እያልኩ አላላሁት። እሷ ዓይኗን ጨፍና በለሆሳስ እያዜመች ትከተለኛለች። ለዓመታት ተደብቄ ስቃኝበት የኖርኩበት ቦታ ስደርስ፣ ደረስን ብዬ እጄን አነሳሁ።

"ገና ነው" አለች።

ትንሽ አላላሁት። አሁንም ገና ነው አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳላላው ትከሻዋ ወረድ አለ፤ ድምፅዋም ሳይጨነቅ ወጣ። "እዚህ ጋ" አለች። ያስቆመችኝ ቦታ እኔ በስውር ካወረድኩት በብዙ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዋን እያመማት ስትዘፍን ኖራለች ማለት ነው፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።