መስመሩ ኮረብታ አልነበረም

የሳይንስ መምህሩ ታሞ ጎንደር ሆስፒታል የገባው በመጋቢት ነበር። እኔ እስቴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛና ታሪክ አስተምር ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ሰጠኝና «እስኪመለስ ስምንተኛ ክፍልን ያዝልኝ» አለኝ። ሳይንስ አልችልም ልለው ይገባ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አልችልም ማለት ሞት መሰለኝ።

ስለ እንቅስቃሴ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ አንድ ግራፍ ነበር። መስመሩ ከጥግ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ አግድም ይተኛል፣ በመጨረሻ ቁልቁል ይወርዳል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ሥዕሉን ብቻ አይቼ ገባኝ አልኩ። ሰሌዳው ላይ ሣልኩና «ሰውየው ከቤቱ ተነሥቶ ዳገት ወጣ፣ ሜዳውን አቋረጠ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ» ብዬ አስረዳሁ። ዳገትና ቁልቁለት ሲወጡና ሲወርዱ ላደጉ ልጆች ይህ ምን ያስቸግራል? ሁሉም ጻፉ።

አንዲት ተማሪ ብቻ እጇን አወጣች። ከስማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ ስንቋን አዝላ ሁለት ቀን በእግሯ እየመጣች፣ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ተጠግታ የምትማር ልጅ ናት።

«መምህር፣ ከታች የተጻፈው ሰዓት ነው። ከጎን ያለው ደግሞ ሰውየው ከቤቱ የራቀው ርቀት ነው። ሜዳው ላይ እየሄደ ከሆነ ርቀቱ ለምን አይጨምርም?»

ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩ።

«ከመጽሐፉ ልትበልጪ ነው? ተቀመጪ!» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ተቀመጠች።

ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ቅዳሜ ባዶ ክፍል ውስጥ መዝገበ ቃላት ይዤ ምዕራፉን ቃል በቃል አነበብኩት። መስመሩ አግድም ሲተኛ ሰውየው ቆሟል። ቁልቁል ሲወርድ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ዳገትም ሜዳም የለም።

ሰኞ ልነግራቸው ቆርጬ ገባሁ፤ ፊታቸውን ሳይ አፌ ተያዘ። ነገ አልኩ። በማግሥቱም ነገ አልኩ። ኋላ ኋላ «ፈተና ላይ አይመጣም» እያልኩ ራሴን ማታለል ያዝኩ። እንዲህ እንዳለሁ፣ የሳይንስ መምህሩም ሳይመለስ፣ ሰኔ ደረሰ።

ለሚኒስትሪ ፈተና ከደብረ ታቦር የመጡት ፈታኞች ሰው ስላነሳቸው እኔን ጨመሩኝ። ወረቀቱን ሳድል ሦስተኛው ገጽ ላይ ያንኑ ዓይነት ግራፍ አየሁ። ሰውየው ቆሞ የነበረው መቼ ነው ይላል ጥያቄው። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ዘንድ ስደርስ ትክክለኛውን መልስ ከብባዋለች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን መቋቋም አቅቶኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዞሬ ስመለስ የከበበችውን በላጲስ አጥፍታ ሌላ መርጣለች። መናገር ክልክል ነበር፤ ዝም ያልኩት ግን ስለተከለከለ ብቻ አልነበረም።

ያለፉት ዝርዝር ሲለጠፍ ስሟ የለበትም። የጣላት ያ አንድ ጥያቄ ይሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም።

መስከረም እንደጠባ ወገዳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አባቷ ሲያየኝ ብድግ አለ። «የኔታ፣ እንዴት ደከሙ!» ብሎ መደቡ ላይ አስቀመጠኝ፤ እግሬን አሳጠበኝ። ክብሩ ከስድብ ባሰብኝ።

«ልጅዎን የጣልኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አልኩት። «ስሕተት አስተማርኳት። አንድ ዓመት ትድገም፤ ቀለቧን እኔ እችላለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ጥፋቱን በርስዎ አላደርግም። ግን ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ። ለጥር ትዳራለች።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ኧረ በስመ አብ! ምን ሆነዋል?» ብሎ በሁለት እጁ አነሣኝ። ቃሉን ግን አላጠፈም።

ልጅቱ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

«መጀመሪያ የከበብሽው ልክ ነበር» አልኳት።

«አውቄው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?»

«እርስዎ ፊትዎን ሲያዞሩ፣ የተሳሳትኩ መሰለኝ።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «መንገዱ ረጅም ነው፣ ሳይመሽብዎ ይሂዱ» ብላ ተመለሰች።

መዳሯን በጥር ከአንድ የስማዳ ነጋዴ ሰማሁ። ያን ቀን ክፍል አልገባሁም።