መጨረሻ የሚናገሩት ዳኛ

አጎቴ ካረፉ አርባቸው ወጣ። የቅሬያችን ዳኛ ነበሩ፤ ሙት የሚያስቀብረውን፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናውን ማኅበራችንን ማለቴ ነው። በስብሰባ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ሁሉን ሲሰሙ ይቆዩና መጨረሻ ይናገሩ ነበር።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ማኅበር እንዴት እንደሚመራ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ መምህር ከመሐል ሜዳ ከተማ አልፎ እኛ ድረስ መጥቶ ስብሰባችን ላይ አብሮን ዋለ።

«አባባ፣ ሲመሩ አላየሁም እኮ። ሥራዎ ምንድን ነው?» አላቸው።

«ዝም ማለት ነዋ! እኔ ከቀደምሁ አክብረውኝ አፋቸውን ይይዛሉ። ታዲያ የቸገረውን በምን አውቃለሁ?»

እኛ ሳቅን፤ እሱ ጻፈ።

እነሆ ዳኝነቱ ለእኔ ደረሰ። ባለፈው እሑድ፣ በመጀመሪያው ስብሰባዬ፣ ሰው ገና ተቀምጦ ሳያበቃ «ድንኳናችን እያለቀ ነው፤ ከእንግዲህ ከአባል በቀር ለማንም አይወጣም» አልሁ። ሁሉም «ይሁን» አለ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ የጎረቤቴ እኅት ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ብደርስ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ ብርድ ላይ ተቀምጧል። እኅትየዋ የቅሬያችን አባል አይደለችም።

ጎረቤቴን ጠጋ ብዬ «ታሞ መክረሙን እያወቅሽ ስለ ድንኳኑ ምነው ትናንት ዝም አልሽ?» አልኋት።

«ስብሰባ የመጣሁትስ ድንኳኑን ልለምን ነበር፣ አያ። እርስዎ ከተናገሩ ወዲያ እኔ ምን አፍ አለኝ?»

ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁት። ድንኳኑን ወዲያው አስመጣሁ። ሰዎቹ ለዳኛ ብለው አጎቴ በለቅሶ ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔ ግን መግቢያው ዳር ተቀመጥሁ። የማጽናኛ ቃል ስጠየቅም «እናንተ ቅደሙ» አልሁ።