ጨው የሌለበት ማዕድ

ያስደነገጠኝ በጣቶቿ መካከል የያዘችው ቁንጥር ጨው ነው። ከግቢዬ ክፍሎች አንዱን የተከራየችው ወጣት እናት ለልጇ እንቁላል ጠበሰች። ጨው አድርጋበት ነበር። ሳህኑ ላይ ካወጣችው በኋላ ግን እንደገና ቆንጥራ ነሰነሰችበት። ልጅቷ የሳንባ በሽተኛ ናት። ጧትና ማታ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ታደርግና ኔቡላይዘር ከሚባል ትንሽ ማሽን የሚወጣውን የመድኃኒት ጉም ትስባለች። የማሽኑ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

«ለእሷ ደግሞ ጨው?» አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠንክሮ ወጣ።

«ሐኪሙ ነው ያዘዘው፣ እትዬ» አለችኝ። «በላቧ እየወጣ ያልቅባታል። በተለይ በሙቀት ካልተተካላት ትዝላለች። ሲስሟት እኮ ጨው ጨው ትላለች፤ መጀመሪያ የጠረጠርነውም በእሱ ነው።»

የበሽታውን ስም ጠየቅኋት። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለችኝ። በእኛ አገር እምብዛም እንደማይታይና እስኪታወቅ ድረስ ብዙ እንደተንከራተቱ ነገረችኝ። እኔ ዕድሜዬን በዜና ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ጎርፍ የወሰደውን መንደርም፣ የተቃጠለውን ከተማም ብዕሬን ሳላስቀምጥ ጽፌያለሁ። ያን ዕለት ግን የያዝኩትን ብርጭቆ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ያደግሁት ዳንግላ ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ አባቴ ጋሪ ነበረው፤ ከገበያው ሰውና እህል ያመላልስበታል። ጋሪውን የሚጎትተው ዳማ ፈረስ ከቤታችን ጀርባ በተቀጠለ ጋጣ ውስጥ ያድር ነበር። የቤታችን ሽታ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ የፈረስ ላብ፣ እርጥብ ገለባና የተቀቀለ የባሕር ዛፍ ቅጠል።

ቅጠሉ የሚቀቀለው ለታናሽ እህቴ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ትስላለች። ደረቷ ውስጥ እንደሚፈላ ሽሮ የሚንተከተክ ነገር ነበር። ብትበላም አይታይባትም፤ ሆዷ ነፋ ያለ፣ እጆቿ የቀጠኑ ናቸው። የክሊኒኩ ድሬሰር የሰጠውን ክኒን እናቴ በሁለት ማንኪያ መካከል ፈጭታ በማር ለውሳ ታልሳታለች። ከዚያ የሚጨሰውን ማሰሮ መሬት ላይ ታስቀምጥና ከእህቴ ጋር አንድ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። እህቴ የጋቢውን ውስጥ «ጉም ቤት» ብላ ስም አውጥታለት ነበር። ተረት ካልተነገራት አትገባም። እናቴ በአዊኛ ስታወራላት፣ እህቴ እየሳለች «እሺ፣ ከዚያስ?» ስትል፣ እኔ ከውጭ ሆኜ እሰማለሁ። ቤቱ በሙሉ ይጤሳል፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን እንፋሎቱ ላይ ሲያርፍ ነጭ መጋረጃ ይመስል ነበር።

ከጉም ቤት ስትወጣ ተራው የአባቴ ነው። ጉልበቱ ላይ በሆዷ ያስተኛትና መዳፉን እንደ ጭልፋ አጉብጦ ጀርባዋን ጠብ ጠብ ያደርጋታል፤ አክታው እስኪላቀቅ ድረስ። ማንም አላስተማረውም። የፈረሱን አንገት የሚመታውም እንደዚያው ነበር።

«ፈረስ ነኝ እንዴ?» ትለዋለች።

«ፈረስማ ብትሆኚ ገለባ ነበር የምሰጥሽ፤ ማር አትልሺም ነበር።»

ፈረሱ ልጅ አይወድም። የሰፈሩ ልጆች ሲጠጉት ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። ለእሷ ግን አንገቱን ዝቅ ያደርግና ግንባሯን፣ አንገቷን፣ የእጇን አንጓ ይልሳት ነበር። የአባቴ የጋሪ ጓደኞች በቤታችን ሲያልፉ «ዳማው ሙሽራውን አገኘ! ጥሎሹ መቼ ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ዓይኗን ጨፍና እየሳቀች ታስልሰዋለች። እናቴ በሳመቻት ቁጥር «ጨው ጨው ትላለች ልጄ» ትል ነበር። ፀሐይ ሲበረታ፣ ሩቅ መንገድ ደርሶ የመጣ ፈረስ ሽንጡ ላይ እንደሚታየው ያለ ነጭ ነገር በግንባሯ ላይ ይደርቅ ነበር።

ይህን አያይዞ ያሰበው አባቴ ነው። ፈረስ ጨው ሲበዛበት እንደሚጠማ፣ ሆዱ እንደሚበላሽ በሥራው ያውቃል። አንድ ቀን ግንባሯን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ቀመሰና ለእናቴ እንዲህ አላት፦

«ጨው ሞልቶባት ነው። ከውስጥ ካልሞላ በቆዳ አይወጣም። ደረቷን የሚያቃጥላትም እሱ ነው። እንከልክላት።»

ድሬሰሩም ተጠየቀ። እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ጨው መተው ግን የሚጎዳ እንደማይመስለው ተናገረ። ጎረቤቱም ሁሉ አባቴን አመሰገነው። የሰዎችን ምክንያት መመርመር ሥራዬ ነበር፤ የአባቴን ምክንያት ዛሬም ስመረምረው፣ ከመገልበጡ በቀር ሌላ ጉድለት አላገኝበትም።

እኛ ቤት የሚበላው ከአንድ ገበታ ነው። እናቴ የእህቴን ምግብ ለብቻ መለየት አልሆነላትም። ልጅ እየታመመች እኛ ስንበላ ልታይ ነው ወይ ብላ ከሁላችንም ወጥ ውስጥ ጨው አወጣች። ባቄላው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። አባቴ ግን ቀን ቀን ከጋሪ ጓደኞቹ ጋር ውጭ ይበላ ነበር። አንድ ምሽት ገና ከመግባቱ እህቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው። ከንፈሯን ላሰችና ወደ እናቴ ዞራ «አባዬ በልቷል» አለች። አባቴ ጺሙን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ የውጭ ምሳውም በዚያው ቀረ።

በጋው እየገፋ ሲሄድ አንድ ከሰዓት እህቴ ጠፋችብን። ያገኘናት ጋጣው ውስጥ ነው። በግድግዳው ስንጥቅ የገባው ፀሐይ ገለባው ላይ ተጋድሟል። ለፈረሱ የሚቀመጠውን አሞሌ ጨው በሁለት እጇ አቅፋ በአንዱ ጫፍ ትልሳለች፤ ዳማው በሌላው ጫፍ ይልሳል። አንዱ አንዱን አይገፋም። አባቴ ከሳቁ ብዛት ገለባው ላይ ተቀመጠ።

«አካፍሏታል እኮ» አለ።

እናቴ አሞሌውን ከእጇ ቀማች። ያን ጊዜ እህቴ ያለቀሰችው ለቅሶ ክኒን ስትውጥም፣ መርፌ ስትወጋም ያላለቀሰችው ነው። አሞሌው ከቤት ወጣ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ፈረሱን ጨው የሚያስልሰው ገበያ ወስዶ ነበር።

መጋቢት ገባ፤ ሙቀቱ በረታ። ሳሉ ስለባሰባት ጉም ቤት የምትቆይበት ጊዜ ረዘመ። ከጋቢው ስትወጣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ቀሚሷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር። ላቡ ጨውን ይዞት ይወጣል ብለን ደስ ይለን ነበር። ቀስ በቀስ ባቷ እየተኮማተረ ያስቸግራት ጀመር። ተረት መጠየቅ ተወች። አባቴ ጀርባዋን ሲመታት «ፈረስ ነኝ እንዴ» አትለውም። ቀን ትተኛለች፤ ስትነቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው።

«እማዬ፣ ትንሽ አቅምሺኝ።»

«ስትድኚ፣ ልጄ። ስትድኚ በእጅሽ ትዘግኛለሽ።»

ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት፣ አንድ ቀን በቀትር፣ እናቴ ጭን ላይ እንደተኛች ቀረች። ማሰሮው ገና ይጤስ ነበር። ከቀብር ስንመለስ እናቴ ጋጣው በር ላይ ደገፍ ብላ ቆመች። ዳማው አንገቱን አውጥቶ መዳፏን ላሰ። እጇን አልሰበሰበችም።

እህቴ በዚህ በሽታ መሞቷን ላረጋግጥ አልችልም። የመረመራት የለም፤ በዚያ ዘመን በዚያ ቦታ ሊመረምራትም የሚችል አልነበረም። የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ጨዋን በላብ እያወጣን ጨው እንደከለከልናት።

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ወርጄ እናቴን ጠየቅኋት። ከእህቴ ሞት በኋላ ከተወለደው ወንድሜ ጋር ነው የምትኖረው። እጅግ አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ከሐዘኑ በኋላ አባቴና እኔ ወደ ጨው ተመልሰናል። እሷ አልተመለሰችም። የወንድሜ ሚስት የእሷን ወጥ ለብቻ ትሠራላታለች፤ ምክንያቱን ጠይቃ አታውቅም።

ገበታው ቀርቦ እጃችንን ስንታጠብ የተከራዬን ልጅ አነሳችብኝ። በስልክ ነግሬያት ነበር።

«ያቺ በመኪና የምትተነፍሰው ልጅ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እማዬ።»

«ምንድን ነው የሚያደርጉላት?»

«ጉም ነው የምትስበው። መድኃኒት ያለበት ጉም።»

«እንደኛው» አለች። «ጀርባዋንስ ይመቷታል?»

«ይመቷታል። መዳፋቸውን አጉብጠው።»

ፊቷ በራ። አባቴ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር ታስብ ይመስል ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀችኝ።

«ሌላስ? ሌላ ምን ይሰጧታል?»

ተጣርቶ እጄ የገባ ነገር ከጠየቀኝ ሰው ደብቄ አላውቅም ነበር።

«ሌላ የለም፣ እማዬ» አልኳት። «እናንተ ያደረጋችሁትን ነው የሚያደርጉላት።»

«እንግዲያ አላጠፋንም።»

«አላጠፋችሁም።»

ራሷን ነቀነቀችና ከወጧ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጨው አልነበረውም። ቀስ ብዬ አኝኬ ዋጥኩት፤ እሷ ሁለተኛውን ስትጠቀልል አፌን ከፍቼ ጠበቅኋት።