በቦርዱ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም

ሽታዬ ሙለታ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትነሳለች። የመኝታ ቤቷን በር ከውስጥ ትቀረቅራለች፤ ከግራ ጉልበቷ በታች የቀረውን የእግሯን ጫፍ ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥባለች፤ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደራርባ ሰው ሠራሽ እግሯን ታስራለች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በጎጆ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ተማሪ ታስገባለች። እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ትቆማለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራለች።

ትንሽ ስታነክስ ያዩ ተማሪዎች “የጎጆ ብርድ ገብቶባት ነው” ይላሉ፤ እሷም አብራ ብርዱን ትወቅሳለች። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል፣ ጫማዋ የተወለወለ ነው። አቋቋሟን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ወታደር እንደነበረች ሳይነገረው ያውቃል።

ወታደር ቤት የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በማሠልጠኛው አንድ የመቶ አለቃ ነበር፤ በጉዞ ላይ የምታነክስ ሴት ባየ ቁጥር “እናትሽ ጋ ልላክሽ?” እያለ ወንዶቹን ያስቅባት ነበር። ሽታዬ ውሃ የቋጠረ ተረከዟ ቦት ጫማዋ ውስጥ ፈንድቶ አርባ ኪሎ ሜትር ተጓዘች፤ አንዴም አላነከሰችም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሰሜኑ ግንባር የስልክ ሽቦ ስትዘረጋ ፈንጂ ረገጠች። እግሯ እዚያ ቀረ፤ ያ ልማድ ግን አብሯት ተመለሰ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ነገር ተበላሸ። ሰው ሠራሽ እግሩ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል፤ እሷ ከስታ፣ እሱ ሰፍቶ፣ በየእርምጃው ሥጋዋን ይልጠው ጀመር። አምቦ ወርዳ የመረመራት ወጣት ሐኪም ፋሻውን ፈትቶ ቁስሉን አየ።

“ይህን እግር ከእንግዲህ አያድርጉት” አላት። “አጥንቱ ጫፍ ላይ ወጥቷል፤ በቀዶ ጥገና መስተካከል አለበት፤ ከዚያ በልክዎ አዲስ እግር ይሠራልዎታል። ቁስሉ ወደ ላይ ከወጣ ጉልበትዎን አናተርፈውም።”

ጉልበት ያለው ሰውና ጉልበት የሌለው ሰው አንድ እንዳልሆኑ ሽታዬ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጉልበት ያለው በር ላይ ይቆማል፣ ደጅ ወጥቶ ይገባል፤ ጉልበት የሌለው ግን የሰው እጅ ይጠብቃል።

የጤና መድን ደብተሯ ክኒኑንና ፋሻውን ይሸፍናል። ቀዶ ጥገናውና አዲሱ እግር ግን የሚገኙት አዲስ አበባ ነው፤ በጦር ሜዳ ለተጎዳ ሰው በነፃ የሚሰጡትም አምቦ ላይ በየሦስት ወሩ የሚሰበሰበው የሕክምና ቦርድ “ያስፈልጋታል” ብሎ ሲፈርም ብቻ ነው። ለዚያ ፊርማ አራት ወር ተመላለሰች። አንድ ቀን መዝገቧ ሌላ ቢሮ ሄዷል ተባለች፤ መዝገቡ ሲገኝ ማኅተም የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል ተባለች፤ ማኅተሙ ሲመጣ ደግሞ የቦርዱ አባል ስላልተሟላ ስብሰባው ተላለፈ። ከአራቱ ጉዞ በአንዱ ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ከግማሽ ተመልሳለች። እግሩን አያድርጉት የተባለችውን ግን በአራቱም ጊዜ አድርጋው ነበር፤ ቢሮ በአንድ እግር አይኬድም ብላ።

በመጨረሻ በጥር ወር ለአንድ ማክሰኞ ተቀጠረች። ሰኞ ከሥራ እንደተመለሰች ሰማያዊ ቀሚሷን በከሰል ካውያ ተኮሰች፣ ጫማዋን ቀባች። ማክሰኞ ካልሲውን ሦስት አድርጋ፣ ሁለት የሕመም ማስታገሻ ውጣ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደች።

መዝገብ ላይ የተቀመጠችው ለንሳ የምትባል ልጅ ቀና ሳትል “የባለቤትዎ ስም?” አለቻት።

“ባል የለኝም።”

“የሞተው ወታደር ስም ነው የምልዎት፣ አዴ።”

“ወታደሩ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።”

ለንሳ ያኔ ቀና አለች፤ ብዕሯንም አስቀመጠች። “ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን ሳይ... እንዲህ አምሮብዎት፣ ታመው የመጡ አልመሰለኝም።”

ሽታዬ ይህን እንደ ምርቃት ተቀበለችው።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ተረከዟን ገጥማ፣ ደረቷን ነፍታ ቆመች። ሰብሳቢው ሐኪም በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያትና “እስቲ ከመስኮቱ እስከ በሩ ይራመዱልኝ” አለ። ተራመደች። በእያንዳንዱ እርምጃ ምስማር የረገጠች ይመስላት ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ሰልፈኛ ዞረች።

“በጣም ጥሩ!” አለ ሰብሳቢው። “ይሄ ነው ወታደር! ሌላ የሚሉት አለ?”

“የለኝም።” ቁስሉን የሚተርከው የሐኪሙ ደብዳቤ መዝገቡ ውስጥ ነበር፤ ይናገርልኛል ብላ አመነች። እውነቱን ለመናገር፣ በሙገሳውም ደስ ብሏት ወጣች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለንሳ ዓይኗን ሰብራ ወረቀቱን ሰጠቻት። “ያለ ድጋፍ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። አሁን የምትጠቀምበት ሰው ሠራሽ እግር በቂ ሆኖ ተገኝቷል።”

ሽታዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳታንኳኳ ገባች።

“ደብዳቤውን አላነበባችሁም?”

“አንብበናል” አለ ሰብሳቢው። “ደብዳቤው ከአራት ወር በፊት የተጻፈ ነው። ቁስል በአራት ወር ይድናል። እኛ የምንጽፈው ዛሬ ያየነውን ነው፣ አዴ ሽታዬ።”

“ያላያችሁትስ?”

“ያላየነውን ማን አሳየን? ሌላ የሚሉት አለ ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ።”

“እንግዲያው አሁን ላሳያችሁ።”

ሰብሳቢው የተፈረመውን ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገው። “ተፈርሟል እኮ። ይግባኝ ያስገቡ፤ የሚቀጥለው ቦርድ ያየዋል።” ቀጣዩ ቦርድ ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ “ተራዬ ነው” እያለ ያጉረመርም ነበር።

መናኸሪያ ስትደርስ ኦቦ ጉታ የጎጆውን መኪና ይጠብቃል። ጉታ በዚያው ግንባር የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ያጣ፣ ድንች የሚነግድ የስልሳ ዓመት አዛውንት ነው። ጭቃ የመሰለ የተቀዳደደ ኮቱን አውልቆ ከፌስታል ንጹሕ የቆዳ ጃኬት እያወጣ ነበር።

“አንቺ ሽታዬ! ምነው ፊትሽ?”

“ከለከሉኝ። እርስዎስ?”

“እኔማ የሦስት ወር ድጎማዬ ተፈቀደልኝ። ይሄ የቦርድ ኮቴ ነው” አላት ቡትቶውን እያጣጠፈ። “በዓመት አራት ቀን ብቻ ነው የምለብሰው። እጄን ሲያዩ የጎደለው ሁለት ጣት ነው፤ ኮቴን ሲያዩ ግን አሥሩም የጎደለ ይመስላቸዋል። ለሚያዝያው ላውስሽ።”

“እኔ ተዋናይ አይደለሁም፣ ኦቦ ጉታ።”

ጉታ ሳቀ፤ አጠገባቸው የነበሩ ባለባጃጆች እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። “ነሽ እንጂ! እኔ የታመመ መስዬ ገባሁ፤ አንቺ ደግሞ ጤነኛ መስለሽ ገባሽ። ያውም ፊትሽ እስኪገረጣ እያመመሽ። ከሁለታችን ጎበዙ ተዋናይ ማነው? እኔን እንኳ የቀሩት ሦስት ጣቶቼ ይመሰክሩብኛል፤ ባንቺ ላይ የሚመሰክር ማንም የለም።”

በመኪናው ውስጥ ሆን ብላ ከሱ ርቃ ተቀመጠች። ተናዳበት ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳት ግን እውነቱን መናገሩ ነው።

ረቡዕ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆመች። ተማሪዎቹ “አካም ቡልቴ፣ አዴ ሽታዬ” እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ፤ እሷም “ናጋ” እያለች ፈገግ ትላለች። ረፋዱ ላይ የራሷን ፈገግታ ከውጭ እንደሚያይ ሰው ታዘበችው። ሰብሳቢውን ያታለለው ፊት ይኸው ነው። በየቀኑ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ማንም ሳይጠይቃት ለብሳዋለች።

ማታ ቤት ገብታ እግሩን ስትፈታ ካልሲው ከሥጋዋ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። በሩን አልቀረቀረችም። “ኡርጌ!” ብላ ተጣራች። ኡርጌ የወንድሟ ሚስት ናት፤ አንድ ግቢ እየኖሩ የሽታዬን እግር ጫፍ አይታ አታውቅም። ገባችና እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ወዲያው ግን ድንጋጤዋ ቁጣ ሆነ።

“ልብስ ሳጥብ ያየሁት ደም ይሄ ነው? የበግ ደም ነው አልሽኝ እኮ! ለመስቀል የታረደ በግ እስከ ጥር ይደማል?”

“ጩኸቱን ተዪና ለብ ያለ ውሃ አምጪልኝ።”

“አመጣለሁ፤ እጮኻለሁም።” እየጮኸች ካልሲውን አርሳ አርሳ አላቀቀችው። ቅላቱ ጉልበቷ ላይ ለመድረስ አራት ጣት ያህል ቀርቶት ነበር። ሽታዬ በጣቶቿ ደግማ ለካችው፤ ሦስት ወር ሊጠብቅ የሚችል አራት ጣት አልመስል አላት።

ሐሙስ ጠዋት ኡርጌ ከጤና ጣቢያው በውሰት ባመጣችው ክራንች፣ የቀሚሷን የግራ ጎን ወደ ላይ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ይዛ፣ ሽታዬ ትምህርት ቤት ሄደች። ልጆቹ ሰላምታቸውን ረስተው ቆሙ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ኢዶሳ ከቢሮው እየተጣደፈ ወጣ።

“ምን ደረሰብዎት? መቼ ነው?”

“ሃያ አራት ዓመት ሆነው” አለች። “ይግባኜን ዛሬ እልካለሁ። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም፣ ሌላ እስካገኝ ያንን እግር አላስረውም። በሩን በክራንች እጠብቃለሁ፤ ለእሱ ደግሞ ወንበር ያስፈልገኛል።”