የጋሽ ተሰማ ሁለት ናሙናዎች

የሥራ ዘመኔ ሁለት ክረምት ነው። አትሳቁ! ሁለት ክረምት ሙሉ ጋውን ለብሼ ሠርቻለሁ።

የጀመርኩት የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ ነው፤ ፒያሳ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ፣ የላቦራቶሪ ናሙና ተቀባይ ሆኜ። በመጀመሪያው ቀን የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ ማቲ ከጉልበቴ በታች የሚወርድ ጋውን አለበሰኝ። ጓንት፣ ማርከርና አንድ ካርቶን ሙሉ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ሰጠኝ።

«ስም ትጽፊያለሽ፣ ዕቃ ትሰጫለሽ፣ ሲመለስ ትቀበያለሽ። አፍንጫሽን እንዳትይዢ፤ ሰው ያፍራል።»

አልያዝኩም። ሰው ግን አፈረ። አንዷ ሴትዮ የዳቦ ፌስታል ውስጥ ደብቃ አመጣችና «ያው… እሱ ነው» ብላኝ ሮጠች።

ብዙዎቹ የሚመጡት ጨጓራ ብለው ነው። ዶክተሩ ሰገራ የሚያስመረምራቸው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለባቸው ለማወቅ ነው። እኔ ደግሞ ጨጓራ ከበርበሬና ከንዴት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

«በርበሬ አቃጥሎ ያልፋል» አለኝ ማቲ። «ባክቴሪያው ግን ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ለዓመታት ያቆስላል። አብዛኛው ሰው ላይ ካንሰር አያመጣም። ጥቂቱ ላይ ግን ያመጣል። ቀድመን ካገኘነው በመድኃኒት ይጠፋል።»

ጋሽ ተሰማ የመጡት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ታቦር ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እናቴን ያስተማሩ። ታላቅ ወንድማቸው በጨጓራ ካንሰር ሞተዋል። እሳቸውም ሆዳቸውን ደግፈው መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ሲያዩኝ ክው አሉ። «አንቺ ነሽ እንዴ የምትቀበዪው?»

«አዎ ጋሼ።»

ዕቃውን ኮታቸው ኪስ ከተው ወጡ። በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡት፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወደ ላቦራቶሪው አስገባሁት፤ ማቲ ክዳኑን ከፍቶ ጠጋ ብሎ አየው።

«እኚህ ሰውዬ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስልሳ አምስት።»

«ታዲያ እስካሁን ጡት አልተዉም?»

ገባኝ። ልጃቸው ልትወልድ ወደ ወላጆቿ ቤት መጥታ ነበር፤ አሁን አራስ ናት። ጋሽ ተሰማ የሕፃኗን አምጥተውልናል! በሳቅ ልሞት ነበር። ከዚያ ወንድማቸው ትዝ አሉኝና ሳቄ ቆመ። ያ ናሙና ቢመረመር ኖሮ «ነፃ ነዎት» ተብለው ሕመማቸውን ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር።

«በይ ንገሪያቸው» አለ ማቲ።

«እኔ? ለእናቴ አስተማሪ?»

ሰውዬው ያፈሩት ምርመራውን አይደለም፤ እኔን ነው። ላቦራቶሪው መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለችው። ደፏ ላይ የተደረደሩትን ባዶ ጠርሙሶች አነሳሁ፤ ከውስጥ በኩል አሮጌ ጋውን እንደ መጋረጃ ሰቀልኩ። አዲስ ዕቃ ላይ «7» ብዬ ጻፍኩ፤ የማን እንደሆነ መዝገብ ላይ ብቻ አሰፈርኩና ወጣሁ።

«ጋሼ ይቅርታ፣ ናሙናው ከእጄ አምልጦ ተደፋ። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ አንቀበልም። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። መስኮቷ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ እኔ አላይዎትም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ?»

«አምስት ደቂቃ ሆኖናል።»

ዕቃውን ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰባት ቁጥር መስኮቷ ላይ ተቀምጣለች። ባክቴሪያው ተገኘ። ዶክተሩ የወንድማቸውን ነገር ሲሰማ ጨጓራቸው በአፍ በሚገባ ካሜራ እንዲታይ ለኢንዶስኮፒ ላካቸው፤ ከጨጓራቸው ላይም ለምርመራ ትንሽ ቁራጭ ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ወደ ግቢያቸው እመለከት ነበር።

ቁስል ነው፣ ካንሰር አይደለም። ተመስገን! የታዘዘላቸውን የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት አንድም ሳያጎድሉ ዋጡ።

ዶክተሩ ባዘዘው ጊዜ ለድጋሚ ምርመራ ተመለሱ። ዕቃውን ራሳቸው መስኮቷ ላይ አኖሩ። ባክቴሪያው ጠፍቷል። ወረቀቱን ስሰጣቸው ጎንበስ አሉ።

«የመጀመሪያውስ?»

«የቱ ጋሼ?»

«የተደፋው። የልጅ ልጄ ደህና ናት ወይ?»

ማቲ ከውስጥ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሆዳቸውን ሳይይዙ። ከዚያ ግንባሬን ስመው «እደጊ» አሉኝ። እኔ ደመወዜን እዚያው የተቀበልኩ ነው የመሰለኝ።

ዘንድሮ ለሁለተኛው ክረምት ስመለስ መስኮቷ አሁንም ትሠራለች፤ ደህና መጋረጃ ተሰፍቶላታል። አብራኝ የምትሠራው አዲሷ ተቀባይ «ምን ልወቅ?» አለችኝ። ናሙና ከሰው እጅ አትቀበዪ፤ ማስቀመጫ አዘጋጂለት አልኳት።