ደባሱ ያላመናት ዶልፊን

ላሊበላ ውስጥ አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ደባሱን ይጠራል። ደባሱ ጋራዥ የለውም፣ በሩ ላይ የሰቀለው ማስታወቂያም የለም። ያለው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ፣ እና ማንንም ያለማመን ችሎታ ነው። ይህን ችሎታ ያገኘው በገንዘቡ ነው። ወጣት ሳለ ቱሪስት በሚያመላልስ ላንድክሩዘር ላይ በሹፌርነት ሠርቶ ባጠራቀመው አንዲት ፒክአፕ ገዛ። ስድስት ወር ሳይሞላ ፊቷ የአንድ መኪና፣ ኋላዋ የሌላ፣ መሀሏ ደግሞ ብየዳ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ በታቦት ምሎለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደባሱ ሻጭ አይጠይቅም። «ሻጭ ምን እንደሚለኝ አስቀድሜ አውቀዋለሁ» ይላል።

አባቱ በገበያ ቀን ጥርስ እያዩ የበሬ ዕድሜ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም እንደ እሳቸው መኪናውን ሳይነካ ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። ከዚያ ማግኔቱን በበሩ፣ በኮፈኑ፣ በጣሪያው ላይ ያስኬዳል። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው፤ መኪናው ተጋጭቷል። ዘይቱን ያሸታል፣ ጭሱን ያያል። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ነጩ ካልቆመ ውሃ ገብቶበታል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን ዞር ብሎም አያየውም፤ እሱንማ ሰዓት የሚጠግን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል ባይ ነው።

ወሬውን ካስጀመሩት አያቆምም። የዘጠናዎቹን ዶልፊን ሚኒባስ ይወዳል። «ሁለት ነጥብ ስምንት ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ቢቆም በመፍቻና በሽቦ ይነሳል።» የኮሪያዎቹንም አያጣጥልም። «ወንበራቸው ይመቻል፣ ዳገትም አይፈሩም። ግን አንድ ዕቃ ቢሰበር ፍላቂት ላይ ቆመህ አዲስ አበባ ትደውላለህ።» ይህን ሁሉ እያወቀ ለራሱ ሌላ መኪና ገዝቶ አያውቅም። ሁሉም ላይ አንድ ነገር ያገኛል። ሚስቱ ውባንቺ «አንተኮ ገነት በር ላይም ሊብሬ አምጡ ትላለህ» ትለዋለች።

ልጃቸው አዳም አስጎብኚ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንግዳው ሲጠፋ፣ ሚኒባስ ገዝቶ በላሊበላና በፍላቂት መካከል ሊሠራ አሰበ። ያጠራቀማት ገንዘብ ወይ መኪና ትሆናለች፣ ወይ የመንገድ ስንቅ፤ ይህ ካልተሳካ በጅቡቲ አድርጎ ጂዳ እንደሚሄድ ለእናቱ ነግሯታል። ውባንቺም ለደባሱ ነገረችው፤ ሁለቱም በዚያ መንገድ የቀሩ የጎረቤት ልጆችን ያውቃሉ።

በጥር ጣሃ የሚባል የመርሳ ነጋዴ ነጭ ዶልፊን ይዞ መጣ። የዘጠና ስድስት ሞዴል ናት። ደባሱ ዞራት። ማግኔቱ የትም አልወደቀም። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። በነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል ዳገቱን አወጣት፤ አልሳለችም፣ አልሞቀችም። አዳም ከጎኑ ተቀምጦ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶታል። ደባሱን ግን ይሄው አሳሰበው። ሃያ ስምንት ዓመት የኖረች መኪና እንዴት አንድ እንኳ ሕመም ታጣለች?

ወርዶ ከሥሯ ገባ። ሻንሲዋ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ገና ያብረቀርቃል። አራቱም ጎማ አዲስ ነው። ጎማ ደግሞ በአንድ ጎኑ ከተበላ የተጣመመ ሻንሲን ያሳብቃል፤ አዲስ ጎማ ምንም አይናገርም። ወደ አየር ማስገቢያው ጣቱን ሲሰድ ገለባ ወጣ። ሰው የምትጭን መኪና ገለባ ከየት አመጣች?

ጣሃ ገለባውን ሲያይ ቀረብ አለ። «ጋሼ፣ እሷን ነገር እኮ ላስረዳዎ…»

ደባሱ እጁን አነሳ። «አያስፈልግም ወንድሜ።»

ልጁን ወደ ጎን ወሰደው። «ተገልብጣ ማሳ ላይ ወድቃ ነበር። ሻንሲዋ ተበይዷል።»

«ብየዳውን አዩት?»

«ያላየሁት ስለተሸፈነ ነው።»

 አዳም ሄዶ ቁልፉን ለጣሃ መለሰ። በወሩ ከቤት ወጣ። ሦስት ወር ሙሉ ድምፁ ሳይሰማ ቀረ። ውባንቺ እህል አልወርድ ብሏት ከሳች፤ ደባሱ ደግሞ የሰው መኪና እየመረመረ መሀል ላይ ምን እያየ እንደነበር ይጠፋበት ጀመር። በሦስተኛው ወር ማለቂያ ስልክ ተደወለ። ጂዳ ገብቷል፣ መኪና ያጥባል።

በኅዳር ደባሱ ፍላቂት ላይ አንዲት የኮሪያ ፒክአፕ እንዲያይ ተጠራ። መናኸሪያ ሄዶ የተሳፈረባት ሚኒባስ ያቺው ዶልፊን ሆነች። የገዛት አረጋ የሚባል የፍላቂት ሰው ነው፤ ራሱ ይነዳታል። ደባሱ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ መሪው ወደ አንድ ጎን እስኪስብ ጠበቀ። አልሳበም። ፍላቂት ሊደርሱ ሲሉ ከመጀመሪያዋ ፒክአፕ ወዲህ ያላደረገውን አደረገ፤ ጠየቀ።

«ጣሃ ሲያመጣት አይቻት ነበር፤ ይቺ መኪና ውስጥ ገለባ ምን ያደርጋል?»

አረጋ ሳቀ። «ጣሃ አልነገረዎትም? በጦርነቱ ጊዜ እንዳትወሰድበት ጎማዎቿን አውልቆ፣ ጓሮው ውስጥ በጭድ ክምር ቀበራት እኮ! ዝናብ የጠጣው ጭድ ከሥሯ ዝገት ቢያወጣባት ፋቅ ፋቅ አድርጎ ቀባት። ጎማዎቹንማ ካስቀመጠበት ወሰዱበት። ዛሬም ማራገቢያውን ስከፍት ገለባ ትተፋብኛለች።»

ደባሱ ይህንንም አላመነም። ፍላቂት ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ እያየው በነጭ ጋቢው ከመኪናዋ ሥር ተኛ። በኪሱ ሴንጢ ቀለሙን ከፊት እስከ ኋላ ፋቀው። የዝገት ጠባሳ አገኘ። ብየዳ ግን አንድ ጣት ታህል እንኳ አልነበረም። አረጋ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?» እያለ ጎትቶ አወጣው። ፒክአፗን ሳያይ ተመለሰ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዳም ደወለ። ደባሱ ስልኩን ከውባንቺ እጅ ተቀበለ። ይህን ለመናገር ሦስት ቀን ሲለማመድ ነበር።

«ያቺ ዶልፊን… ጤነኛ ነበረች። ጭድ ውስጥ ደብቀዋት ነው። ተሳስቼ ነው የላክሁህ ልጄ።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለ አዳም። «ቁልፉን ስመልስለት ጣሃ ነግሮኛል።»

ደባሱ መደብ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

ከወዲያ የውሃ ድምፅ ይሰማል። አዳም ቧንቧውን ዘጋው።

«ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?»

ውባንቺ የባሏን ፊት እያየች ነው። ደባሱ አዎ ሊል አፉን ከፈተ።

«አይ» አለ። «አላምንህም ነበር።»